ከማስታወቂያው ጎን የነበረው ጽሑፍ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ለቅሶ ልደርስ ከላላ ሄጄ ነበር። የሞተው ሰው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ከእኔ ጋር ረጅም ዘመን የሠራ መዝገብ ያዥ ነው። ከለቅሶው ቤት ወጥቼ፣ ወደ ከተማዬ ወደ መካነ ሰላም የሚመለሰው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ገበያው ዳር ቆየሁ። ዝም ብሎ መቆም ሲሰለቸኝ ጊዜ አንዲት ቅመም ሻጭ ፊት ጎንበስ ብዬ፣ «የኔ እመቤት፣ ኮረሪማው እንዴት ነው?» አልኳት። ዋጋውን አልነገረችኝም። ቀና ብላ አፈጠጠችብኝ።

«እስቲ ይድገሙት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የተናገሩትን። ድምፅዎን የማውቀው መሰለኝ።» ፊቴን በደንብ አየችና፣ «የዘምዘም ኢንተርኔት ቤቷ እትዬ ሙሉ አይደሉም?»

እጄ ኮረሪማው ላይ እንዳለ ቀረ። ሰዓዳ ነበረች። ያኔ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነበረች፤ አሁን ፊቷ ሞልቷል፣ ድምፅዋ ወፍሯል፣ ግን ስትናገር ከንፈሯን በእጇ ከለል የምታደርገው ነገር አልተዋትም። ሞታለች ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ አለች ያለኝም የለም። ለመጠየቅ ፊት ስላልነበረኝ እንዲሁ በሆዴ ይዣት ነው የኖርኩት። የተነጋገርነውን ኋላ እመጣበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ዘምዘም ማን እንደነበረች፣ እኔም ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም።

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አላስታውሰውም። ሻይ አንድ ብር ገባ ተብሎ ከተማው የተንጫጫበት ጊዜ ነው። ሞባይል ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ያለውም ደረት ኪሱ ውስጥ አንገቱን አስወጥቶ ነበር የሚይዘው። ከዓረብ አገር የተመለሱት ልጆች ጫፉ ላይ ፈርጥ የተለጠፈበት ጥቁር አባያ ለብሰው ጭቃውን ሰብሰብ አድርገው ሲሻገሩ፣ በረንዳ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ለአፍታ ያቆሙ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ስትወርዱ በግራ በኩል አንድ ካሴት ቤት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሲያንቆረቁር ይሰነብትና ዓርብ ቀን መንዙማ ያደርጋል። ባለቤቱ ክርስቲያን ነው፤ ማንም አዝዞት አልነበረም፤ ዓርብ ምን መሰማት እንዳለበት የነገረው የራሱ ጆሮ ነው። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጡበታል። ሙዚቃውም ከየሱቁ በአንድ ላይ ስለሚወጣ አንዱንም ለይቼ አልሰማው። አንዳንዴ እዚያ ማዕዘን ላይ ቆም እላለሁ፤ ሰዎቹ የምገዛው ነገር ጠፍቶብኝ ይመስላቸዋል።

ዘምዘም ሱቋን የከፈተችው ከዚያ ካሴት ቤት አጠገብ ነው። ሰባት ዓመት በዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ሌሎቹ ወርቅ አሠሩ፣ ቤት ሠሩ፣ ቡቲክ ከፈቱ። እሷ ግን ደሴ ወርዳ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ገዛች። ኮምፒውተሮቹን በራሷ ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ አንዱን ጭኗ ላይ ሌላውን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ያንን ሁሉ ኮረኮንች በአውቶቡስ ይዛቸው መጣች። ዘመዶቿ ለየላት አሉ። ኢንተርኔቱ ደቂቃው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። በስልክ መሥመር ስለሚመጣ ደንበኛው አንድ ገጽ ከፍቶ፣ ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ገጹ ገና ግማሹ ነበር የሚደርሰው።

እኔ ያኔ የወረዳው ታይፒስት ነበርኩ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጅ አለኝ፣ ዮናስ። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ ዘምዘም ጋ እየሄድኩ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ እጽፍላታለሁ፣ የምትችለውን ትከፍለኛለች። ከእኔ አሥር ዓመት ታንሳለች፤ ግን «እትዬ» ከማለቷ በቀር እንደ እኩያዋ «አንቺ» ነበር የምትለኝ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበረኝ፤ መጻፍ እወድ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ በተበላሸ የማባዣ ስቴንስል ጀርባ ላይ የሰው ወሬ፣ የሰፈር ነገር እየጻፍኩ እቤቴ ሣጥን ውስጥ እከታለሁ። የሚያነበው አልነበረም። ለዮናስ አነብለት ነበር፤ ከፍ ሲል ግን እያፈረብኝ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ደንበኛ አስቀርቶ ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ዘምዘም፣ ያሠሩዋት የነበሩት አሮጊት ጨው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ለእያንዳንዱ ድስት በጣታቸው ቆንጥረው እንዴት እንደሚሰጧት ታወራኛለች። እኔ ጣቴ መቼ እንደጀመረ አላውቅም፤ ከአፏ እየተቀበልኩ ኮምፒውተሩ ላይ እመታዋለሁ። ስትጨርስ አነበብኩላት። አፏን ይዛ ቆየችና፣ «ያረቢ፣ እትዬ፣ ይኼ እኔ ነኝ እንዴ?» አለች። ኢሜይሉን ሊያይ የሚመጣ አንድ አስተማሪ ነበር፤ ጦማር የሚባል የኢንተርኔት ገጽ እንዴት እንደሚከፈት ያሳየን እሱ ነው። ስሙን «የኻዳማዋ ደብተር» አልነው። ኻዳማ ማለት በዓረቦቹ ቤት የምታገለግል ሴት ናት። ወሬው የዘምዘም፣ ቃሉ የእኔ ሆነ።

አንባቢ ይመጣል ብለን አልነበረም። በሁለት ወሩ ግን ከጅዳ፣ ከቤሩት፣ ከኩዌት መጻፍ ጀመሩ። አንዷ፣ «ትናንት ያወጣችሁትን ሦስታችን መታጠቢያ ቤት ተዘግተን አነበብነው» ብላ ጻፈች። ሌላዋ እናቴን አይታችሁ ንገሩኝ ብላ ለመነችን፤ ዘምዘም እስከ ሰፈሯ በእግሯ ሄዳ አይታላት መጣች። በከተማውም ልጆች ወሬውን ሰምተው ይመጡ ነበር። ማንበብ የማይችሉ ስለነበሩ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። ሰዓዳም አንዷ ነበረች። የከላላ ልጅ ናት፤ መካነ ሰላም አክስቷ ቤት ተቀምጣ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራ፣ ፈተናው አልሆንልሽ ብሏት ቁጭ ብላለች። እሷ ማንበብ ትችላለች፤ ግን «እርስዎ ሲያነቡት ነው ደስ የሚለኝ» ትለኝ ነበር። ዘምዘም አንድም ቀን አስከፍላት አታውቅም።

ከጻፍነው ሁሉ በጣም የተወደደው ስለ ጣሪያው የጻፍኩት ነው። የዓረቦቹ ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ ልብስ የሚሰጣው እዚያ ነው። የጎረቤት ቤት ሠራተኞች በየጣሪያቸው ላይ ሆነው፣ አንዷ የወሎ፣ አንዷ የጅማ፣ አንዷ የሌላ አገር ሰው፣ በልብሱ መካከል እየተያዩ ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይሳሳቃሉ። እንዲያ አድርጌ ጻፍኩት። ሳነብላት ዘምዘም፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የወጣሁት። እሳቸው አይፈቅዱም ነበር» አለችኝ። «ይሁን፣ እንዲህ ነው የሚያምረው» አልኳት። እውነትም ያምር ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም።

ጽሑፉ ግን ቤቱን አያኖርም ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ጀነሬተር ነው፤ ለነዳጁ ነው የምንሠራው ማለት ይቀላል። ደንበኛ እያለ እኛ አንዱን ኮምፒውተር ይዘን እንጽፋለን፤ ወረፋ የሰለቸው ይሄዳል። በዚያው ሰሞን ዮናስ ደሴ ኮሌጅ ገባ፤ ክፍያው ከደመወዜ ጋር አልገጥም አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው አንድ ሰውዬ ከደሴ የመጣው። ልጆችን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ነው። የጫማው ንጽሕና እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፤ በዚያ ጭቃ እንዴት እንደመጣበት እንጃ። «ገጻችሁን አየሁት፤ የእኔን ደንበኞች ነው የሰበሰባችሁት» አለን። በጽሑፉ ጎን የቢሮውን ስምና ስልክ ብናወጣለት በየወሩ ሊከፍል ነው፤ የጠራውም ከደመወዜ እኩሌታ አያንስም።

ዘምዘም አላስጨረሰችውም። «ኻላስ፣ በቃ፣ አንፈልግም» አለችው። እሱ ሲወጣ እኔ ጀመርኩ።

«ፈቃድ ያለው ሰው ነው፣ ዘምዘም።»

«እኔን የላከኝም ፈቃድ ነበረው።»

«ጽሑፉን አይነካብንም እኮ። ከጎኑ ነው።»

«ልጆቹ ለምን እንደሚመጡ አታውቂም? እኛን አምነው ነው።»

«እምነታቸው ጀነሬተር አያስነሳም» አልኳት። የፎቶ ኮፒውን ክዳን ስትጠርግ ቆየች።

ከሳምንት በኋላ ወንድሟ ታሞ ወደ ገጠር ሄደች። ለሰውየው የደወልኩለት እኔ ነኝ። ያን ቀን ምን እንዳሰብኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ስለ ዮናስ ነው እላለሁ፤ እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር ነበረበት። ዕድሜ ልኬን የሰው ደብዳቤ ስመታ የኖርኩ ሰው፣ ለራሴ ቃል የሚከፍል ሰው ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጽሑፌ ዋጋ አወጣ አልኩ። ብሩን ስቀበል ሁለቴ ቆጠርኩት፤ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ኩራት ነው።

ዘምዘም ወንድሟን አስታማ ስትመለስ ሦስት ሳምንት ሆኗል። ገጹን ከፈተች። ጥግ ላይ የሰውየው ስልክ ቁጥር በቀይ ተጽፎ፣ አጠገቡ ያ የጣሪያው ጽሑፍ።

«እርስዎ ነዎት ያወጡት?» አለችኝ።

ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማስታወቂያውን እዚያው አነሳችው፤ ስለ ብሩ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሳሁባትም። ሥራውም አልቆመም፤ እየመጣሁ እጽፋለሁ፣ ትከፍለኛለች። ብቻ ከዚያ ወዲያ «እርስዎ» ሆኜ ቀረሁ፤ ወሬ ማውራትም ተወች። በዝናብ ቀን እንኳ የቆርቆሮውን ድምፅ ብቻ ነው የምንሰማው። ሰዓዳ መቅረቷን ልብ ያልኩት በዚያ መሐል ነው። አክስቷን መንገድ ላይ አግኝቼ ስጠይቃት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ቀንቷት ሄደች» አለችኝ።

ወራት አልፈው አንድ መልእክት መጣ። ከጣሪያው ጽሑፍ ሥር ነው የተጻፈው፤ ፊደሉ የእንግሊዝኛ፣ ቃሉ የአማርኛ። «እትዬ ሙሉ፣ ዘምዘም፣ ሰዓዳ ነኝ። እናንተ ገጽ ላይ በነበረው ሰውዬ ነው የመጣሁት። ፓስፖርቴን ወስደውታል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ደመወዝም የለም። ይኼን የቤቱ ልጅ ስትተኛ በእሷ ኮምፒውተር ነው የምጽፈው። ከተማው ጅዳ ነው፤ የሰፈሩን ስም ግን አላውቀውም፤ ከመስኮቱ አንድ የውኃ ማማ ይታየኛል።» ደጋግመን ጻፍንላት። መልስ አልመጣም። ደሴ ወርጄ የሰውየውን ቢሮ ፈለግኩት፤ በሩ ላይ የፀጉር ቤት ታፔላ ተሰቅሏል። ስመለስ ለዘምዘም ነገርኳት። «እሺ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ሱቁን ዘጋችው። ኮምፒውተሮቹን ሸጣ ተመልሳ ዓረብ አገር መሄዷን የሰማሁት ከካሴት ቤቱ ሰውዬ ነው። አልተሰናበተችኝም። ከሰረች፣ በእኔም ተቀይማ ሄደች፣ ብዬ ያዝኩት። ገጹን ብቻዬን ልቀጥል ሞከርኩ። ቃል ነበረኝ፤ ወሬ አልነበረኝም። አንባቢዎቹ ሁለት ሦስቴ መጥተው፣ «ዘምዘም የት ሄደች?» ብለው ጠይቀው ቀሩ። እኔም ተውኩት። ዮናስ ተመርቆ ዛሬ አዲስ አበባ መሐንዲስ ነው፤ እሑድ እሑድ ይደውላል። «እማዬ፣ አሁን እኮ ጽሑፍ ብር ሆኗል፤ ገጽ ልክፈትልሽና የድሮ የድሮውን ጻፊ፣ ሰው ይወዳል» ይለኛል። የኮሌጁ የመጀመሪያ ክፍያ ከየትኛው ጽሑፍ ብር እንደወጣ አያውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በረንዳዬ ላይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለጉዳዩ ተቀምጦ ይነግረኛል፣ እጽፍለታለሁ፣ ከፍሎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ ድረስ ስሜን የሚጠራ ሰው ላይመጣ ይችላል። እንዲህ ሆኜ ነው ብዙ ዓመት የቆየሁት፣ ከላላ እስክሄድ ድረስ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲሄድ አየሁት። አልተነሳሁም። ሰዓዳ የተገለበጠ ጀሪካን አቀረበችልኝ፤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጠች፣ እየመዘነች፣ እንደገና እየቀጠለች ነገረችኝ።

«ዘምዘም ናት እኮ ያወጣችኝ» አለችኝ።

«የት አግኝታሽ?»

«አልነገረችዎትም እንዴ? እኔን ፍለጋ አይደል የሄደችው!» ዘምዘም እዚያ እንደደረሰች ሥራ ይዛ፣ ያኔ ለገጹ ይጽፉ የነበሩትን ልጆች በየስማቸው ፈለገቻቸው። የውኃ ማማ የሚታይበት ሰፈር የቱ ነው ብላ ጠየቀች። እነሱም ለጓደኞቻቸው፣ ጓደኞቻቸውም ለሌሎች እያሉ ወሬው ከወጥ ቤት ወጥ ቤት ዞረ። «ረመዳን ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት በሳህን ምግብ ይላላካል። በሩን አስከፍቼ ሳህን ስቀበል፣ ያመጣችው ልጅ በአማርኛ፣ 'የከላላዋ ሰዓዳ ነሽ?' አለችኝ። እትዬ፣ ሳህኑ ከእጄ ወደቀ።» በሳምንቱ፣ ልጅቷ በነገረቻት ሰዓት፣ ሰዓዳ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ዘምዘም ታክሲ ይዛ ማዕዘኑ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ቆንስላ ወሰደቻት።

ኮረሪማዎቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩ። ከዚያ፣ «ሰዓዳ፣ ማስታወቂያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዘምዘም እንቢ ብላ ነበር» አልኳት።

«ዘምዘም 'ያወጣነው እኛ ነን' ነው ያለችኝ» አለች።

ኮረሪማው ላይ አቀረቀርኩ። እሷ ግን አላየችኝም፤ ሚዛኑን ታስተካክላለች። «ደላላማ በየቀበሌው ሞልቶ ነበር። የዚያን ሰውዬ ወረቀት በየግንቡ ለጥፈውት ነበር፤ አላመንኩትም። ከእናንተ ጽሑፍ ጎን ሳየው ነው ያመንኩት። ያ ስለ ጣሪያው ያነበቡልን፣ ልጆቹ ልብስ እያሰጡ የሚጫወቱበት። መሄዴ ካልቀረ እንዲያ ያለ ሰው አላጣም ብዬ ነበር።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ቁጣ አልነበረባትም። «የገባሁበት ቤት ጣሪያ መውጫ አልነበረውም» አለችኝ።

አብሽሩ፣ አይዞዎት ልትለኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለችም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለችኝ። ከዚያ ኮረሪማውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ገንዘብ ስዘረጋ ተቀበለች፣ መልሱንም ቆጥራ መለሰችልኝ። በነፃ ብትሰጠኝ አልችለውም ነበርና ተቀብላኝ ደስ አለኝ። ልለያት ስል የዘምዘምን ቁጥር ከስልኳ አውጥታ በእኔ ስልክ ላይ መዘገበችው። ዘምዘም እዚያው ቀርታለች፤ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አላገባችም።

ልደውልላት ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጣለሁ። በአራተኛው ቀን ጻፍኩ። ሰዓዳን እንዳገኘኋት፣ የነገረችኝን፣ ከእርሷ የሰወርኩትን ብር፣ ስቀበለው የተሰማኝን ኩራት ጭምር ጻፍኩላት። ጣሪያውንም እንደገና ጻፍኩት፤ በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንደወጣችበት አድርጌ። አጭር ሆነ፤ ያን ያህል አያምርም። ላክሁት። ማንበቧን ስልኩ አሳየኝ፤ መልስ ግን የለም። በሳምንቱ ሌላ ላክሁላት፣ ስለ አሁኑ መካነ ሰላም፣ ስለ ገበያው፣ ስለሞተው መዝገብ ያዥ። እሱንም አነበበችው፤ መልስ የለም።

ዮናስ ባለፈው እሑድ ያንኑ የገጽ ነገር አነሳብኝ። «በማመልከቻው እበላለሁ፤ ሌላውን የምጽፈው ለብር አይደለም» አልኩት። «ታዲያ የምትጽፊውን ሌላውን ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ። «ለአንድ ሰው ነው» አልኩት። የሳቀ መሰለኝ።

አሁን በየሳምንቱ ሰኞ እልክላታለሁ። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የምትወጣበትን ሰዓት ለምጄዋለሁ፤ እስከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። ከመልእክቱ ሥር ያሉት ሁለት ምልክቶች ቀለማቸውን ሲቀይሩ አያለሁ፤ አንብባዋለች። መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ትንሽ እጠብቃለሁ። ከዚያ ተነስቼ ገብቼ ምሳዬን አሞቃለሁ።